የእናቴ ዕጣና የብረት ጎማው

አጎቴ ሕዝቅኤል መምረጥ አይችልም። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ዐሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስለኖርሁ ነው። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ካለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ትይዩ አንዲት ሻይ ቤት አለች። እዚያ ተቀምጦ አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ስትለው ቀና ብሎ የሌላውን ሰው ጠረጴዛ ያያል። ሰውዬው ስፕሪስ ከያዘ ስፕሪስ፣ ቡና ከያዘ ቡና ያዛል። አንድ ቀን ከሱ በቀር ሰው አልነበረምና ምንም ሳይጠጣ ተነሥቶ ወጣ።

አልፈርድበትም። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ከሐሙሲት አውቶቡስ ተሳፍሮ ባሕር ዳር መጣና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ሠላሳ አራት ዓመት የሽመና ማሽን ጠጋኝ ሆኖ ሠራ። ፈረቃውን ሌላ ሰው ይመድባል፣ ማሽኑን ሌላ ሰው ይገዛል፣ የክሩን ቀለም ሌላ ሰው ያዛል። የሱ ሥራ የተበጠሰውን መቀጠል፣ የቆመውን ማስነሣት ነበር። በዚህ ግን የሚስተካከለው እንዳልነበረ የሥራ ጓደኞቹ እስከ ዛሬ ያወራሉ። ማሽኑ ሲጮህ ጆሮ አይሰማም፣ ብናኙ ዓይን አያስገልጥም፤ ስለዚህ አጎቴ የሚያየው በጣቱ ነበር። ክር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አንድ ጊዜ ካሸ ጥጥ ይሁን ቅልቅል፣ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ጥሩ የተፈተለ ይሁን አይሁን ይናገራል። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ እንግዳ ሲመጣ ሳያውቀው የሴትዮዋን የነጠላ ጫፍ ይዞ ሲያሽ ስንት ጊዜ አሳፍሮኛል።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው የአገራችን ሰዎች ትራክተር ምረጥልን ብለው የመጡበት።

አገራችን ከሐሙሲት ወደ ጣና ወረድ ብሎ ነው። እናቴ የሺመቤት የአጎቴ ታላቅ እኅት ናት፤ እስካሁንም እዚያው ነው የምትኖር። እሷ ያለችበት የዐሥር አባወራ ማኅበር ጽዋውን በየወሩ በተራ እየጠጣ ስንት ዓመት ከኖረ በኋላ ባለፈው ዓመት በጋራ ብድር ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። ብድሩ አንዲት ትንሽ ትራክተር ከነማረሻዋ ይገዛል። ከማረሻው ሌላ የሚጨመር አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ያን አንድ ዕቃ ምረጥ ተብሎ ነው አጎቴ የተጠራ።

«አንተ ብረት ታውቃለህ» አሉት። አጎቴ የሚያውቀው ክር የሚያመላልስ ብረት እንጂ መሬት የሚገለብጥ ብረት አይደለም። ይህን ግን አልነገራቸውም። እምቢ ማለትም መምረጥ ነውና።

የእናቴን ነገር ካልነገርሁ የቀረው አይገባም። የእናቴ መሬት ባሕር ሸሽ ነው። ክረምት ጣና ሞልቶ ይተኛበታል፤ ከጥቅምት በኋላ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ውሃው የለቀቀው ጭቃ ሳይደርቅ ከታረሰና ሽምብራ ከተዘራበት ዝናብ ሳያይ ያፈራል። ሁለት ሳምንት ከዘገየ ዋልካው ይሰነጣጠቅና እንደ ጡብ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ማንም አያርሰውም። አባቴ ከሞተ በኋላ አንዱ በሬ ታሞ ሞተ፣ ሌላውን ሸጠችው፤ ከዚያ ወዲህ አንዳርጋቸው የሚባል ጥማድ ያለው ጎረቤት ለእኩል ሲያርስላት ቆየ። አምና ግን ጭቃው በሬዎቼን ጎዳብኝ አለ። ከእንግዲህ ሁለት እጅ ለኔ፣ አንድ እጅ ላንቺ፤ እሱንም ቀበሌ ሄደሽ ለአምስት ዓመት ከፈረምሽልኝ ነው አላት። እስከ ኅዳር ጊዜ ሰጣት።

እናቴ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። «አምስት ዓመት ከፈረምሁ» አለችኝ፣ «መሬቴን በእጄ ሳልይዝ ነው የምሞት።» እናቴ ብዙ አታለቅስም፤ ያን ዕለት ግን ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

አጎቴና እኔ ነሐሴ ላይ ወደ ትራክተር መሸጫው ግቢ ስንሄድ የእናቴን ጭንቀት ነበር የያዝነው። ሻጯ ትንቢት ትባላለች፤ ረጋ ያለች፣ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ልጅ ናት። ዝናብ ባረጠበው ግቢ ውስጥ ዕቃውን ሁሉ አንድ በአንድ አሳየችን። እህልም ሰውም የሚጫንበት ተሳቢ አለ። ከትራክተሯ ሞተር ጋር እየተገጠመ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ አለ። መውቂያ አለ። ነጂውን ከፀሐይ የሚከልል ጥላ አለ። ጥግ ላይ ደግሞ እንደ ቅርጫት ክፍት ክፍት የሆኑ ሁለት ትልልቅ የብረት ጎማዎች ተደግፈው ነበር።

«ይሄ ለጭቃ ነው ጋሼ» አለች ትንቢት። «ከላስቲክ ጎማው ጎን ይታሰራል። እሱ ካለ ትራክተሯ ረግረግ ላይ አትሰጥምም። ከሌለ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ውሃ ለለቀቀው መሬት አትሞክሯት። ከገባች በኋላ እሷን ለማውጣት ሌላ ትራክተር ነው የምትፈልጉ።»

አጎቴ የብረቱን ጎማ ጠርዝ በእጁ ዳሰሰ። ወደኔም ዞር አለ። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። «እነሱ አንተን አምነው ነው የሚመጡ» አልሁት ወደ ቤት ስንመለስ። «የብረቱ ጎማ ይሁን በላቸው። ሦስት ቃል ነው።» እሺ አለኝ።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ሁሉም ከሐሙሲት በአንድ ሚኒባስ ተጭነው መጡ። አንድ ሰው ይወክለን ማለት አልሆነላቸውም፤ ሁሉም በዓይኑ ካላየ አያምንም። ግቢው በነጠላና በጋቢ ተሞላ። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት ቄስ ሀብተ ሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው ትራክተሯን ሦስት ጊዜ ዞሯት። ክርክሩ ሳይውል ሳያድር ተጀመረ። አራቱ ተሳቢ አሉ። ሦስቱ የውሃ መሳቢያ አሉ፤ ላይኛው መሬታቸው ቆጋ እንዳሉት ገበሬዎች በመስኖ ድንችና ሽንኩርት እንዲያበቅል ይመኛሉ። ሁለቱ መውቂያ አሉ። እናቴ ብቻዋን የብረት ጎማ አለች፤ እሱንም ዝግ ባለ ድምፅ። ባሕር ሸሽ ያላት እሷ ብቻ ናት፤ የሌሎቹ መሬት ደረቅ ነው።

ቄሱ ወደ አጎቴ ዞሩ። «ሕዝቅኤል፣ አንተ ምን ትላለህ?»

አጎቴ እናቴን አየ። አራቱን አየ፤ ሦስቱን አየ፤ ሁለቱን አየ። አፉ ተከፈተ። እኔ ከኋላው ቆሜ ሦስቱን ቃል በሆዴ እየቆጠርሁለት ነበር።

«ሁሉም ጥሩ ነው አባ» አለ።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ሰው እንዴት ለገዛ እኅቱ ሦስት ቃል ያጣል? አንድ ሽማግሌ ድምፅ ይቆጠር አለ። ቄሱ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ድምፅ ቢቆጠር አራቱ ይረታሉ፣ ስድስቱ ያኮርፋሉ። ባኮረፈ ሰው ጽዋ አይጠጣም። በዕጣ ይሁን። ዕጣው የወጣለት ለሁላችን ይምረጥ፤ ቃሉ የማኅበሩ ቃል ይሆናል፣ የሚያጉረመርም አይኑር። አባቶቻችን በዚህ ነው የኖሩ።»

ሁሉም ይሁን ይሁን አለ። ትንቢት ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። የማን ዕጣ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ማንሣት አለበት። ቄሱ ዕጣ የሚያነሣ ወንድ ይሁን አሉ፤ የማኅበሩ አባል ያልሆነ ወንድ ደግሞ ከአጎቴ በቀር አልነበረም። ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ እንዲቆም አደረጉት። ትንቢት የብሎን ካርቶን ባዶ አድርጋ ሰጠቻቸው። እያንዳንዱ ዕጣውን ጣለበት፦ ጠጠር፣ የጠርሙስ ቆርኪ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የክብሪት እንጨት፣ ከኪስ የተገኘ የበቆሎ ፍሬ። እናቴ በኪሷም በእጇም ምንም ስላልነበራት ከነጠላዋ ዘርፍ አንዲት ክር ነቅላ፣ ጠቅልላ ጣለች።

ቄሱ አባታችን ሆይ አሉ። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ መጣና እጁን ካርቶኑ ውስጥ ከተተ። እጁ እዚያው ቆየ። እኔ እየጸለየ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አወጣው፤ በሁለቱ ጣቶቹ መካከል ክሯ ነበረች።

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሸዋዬ የምትባል የማኅበሩ አባል ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ወደ ብረት ጎማዎቹ ነበር የማየው።

«የፈለግሁትን ነው አባ?» አለች እናቴ።

«የፈለግሽውን።»

ሄዳ ከብረት ጎማዎቹ ፊት ቆመች። እጇን አስቀመጠችባቸው። ከዚያ ዞር ብላ ሸዋዬን አየቻት። አምና የሸዋዬን ልጅ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ሐሙሲት ሲወስዷት ሕፃኑ መንገድ ላይ ነበር የሞተ። ሸዋዬ ከተሳቢ ፈላጊዎቹ አንዷ ናት፤ ያን ጊዜ ግን አንገቷን ደፍታ ነበር እንጂ አልለመነችም። እናቴ እጇን ከብረቱ ላይ አነሣች።

«ተሳቢውን» አለች።

መናኸሪያ እስክንደርስ ታገሥሁ። እዚያ ግን አልቻልሁም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለም እማዬ? ማን ከለከለሽ? ቃልሽ የማኅበሩ ቃል ነው ተብለሽ የለም?»

«እኔ መች ተሾምሁ» አለችኝ። «ዕጣ ነው የወጣልኝ። ልጄ፣ እኔ ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም። መሬት ሲደለደል ከአባትሽ ጋር ዕጣ አወጣን፤ ጭቃው ደረሰን። ዕቁብ ስገባ መጨረሻ ነው የሚደርሰኝ። ዛሬ እግዜር ዘጠኙን ትቶ የኔን አነሣ። እንዲያ ያለውን ወስጄ ለጭቃዬ ላውለው? በአደራ ነው የሰጠኝ።»

«አንዳርጋቸውስ? አምስት ዓመቱስ?»

«እሱ የኔ ነገር ነው። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ።» ሳቀችብኝ። ከዚያ የአጎቴን ቀኝ እጅ ይዛ ሳመችው። «ወንድም ዓለም፣ ይቺን እጅህን ዛሬ የያዛት እግዜር ነው።» አጎቴ እጁን ለማስለቀቅ ሲታገል አየሁ። ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። ለእኅቱ ሦስቱን ቃል ስላልተናገረላት ያፈረ መሰለኝና እንኳን አፈርህ አልሁ በሆዴ።

አዲስ ዓመት አለፈ። አጎቴ ሻይ ቤት መሄድ ተወ። ምግብ ሳቀርብለት አልራበኝም እያለ ይገፋዋል። እኔም ገና ቂሜ አልወጣልኝም ነበርና አልለመንሁትም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ ሳጥብ በረንዳው ላይ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ።

«ወንጌላዊት፣ ክሯን አውቄ ነው ያነሣኋት» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። እሱ ቀስ እያለ ነገረኝ። እጁን ካርቶኑ ውስጥ ሲከት በቅንነት ነው የከተተው። ጠጠሩን ነካ፣ ቆርኪውን ነካ። ከዚያ ክር ነካ። የእጅ ፈትል ነው፤ አንድ ጣት ቀጥን ይልና ወዲያው ያብጣል። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያ የምትፈትል አንድ ሰው ብቻ ናት፤ ይህ ፈትልሽ እኔ ማሽን ላይ ቢወጣ አንድ ክንድ ሳይሄድ ነው የሚበጠስ እያለ ዕድሜ ልኩን ሲቀልድባት ኖሯል። «ለቀቅኋት» አለኝ። «እውነቴን ነው፤ አንድ ጊዜ ለቀቅኋት። ጠጠሩን ያዝሁ። ከዚያ እንደገና ፈለግኋት።»

እጄ ሳሙና እንደሆነ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር መረጠ፤ እሱም ኃጢአት ሆነበት፤ እሱም ለተመረጠላት ሴት አልጠቀመም። ተናድጄበት የከረምሁበት ልቤ ድንገት ባዶ ሆነ፤ አዘንሁለት፤ ለእናቴም አዘንሁ።

«ለምን ለቄሱ አትነግራቸውም?»

«ብነግራቸው ማኅበሩ ፊት ቆመህ ተናገር ነው የሚሉኝ። ለማኅበሩስ እናገር ነበር። እሷ ፊት እንዴት አድርጌ ነው የምናገር? እግዜር አነሣልኝ ትላለች እኮ።»

ዕጣው ከፈረሰ እንደገና ይጣላል። ለእናቴ ከዐሥር አንድ ዕድል ነው። ወይም አባላቱ እኅትህን ለመጥቀም ይህን ያህል ከሄድህ ችግሯ ከባድ ቢሆን ነው ብለው ያዝኑላት ይሆናል። ወይም ያባርሯታል። ትንቢት ደግሞ ትእዛዙ ለአስመጪው የሚላከው ከመስቀል በኋላ ስለሆነ እስከዚያ መለወጥ ይቻላል ብላናለች። ቀን ነበረን።

ለመስቀል ወደ አገር ቤት ወረድሁ። ሚኒባሱ ላይ ስቀመጥ እነግራታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። አጎቴ ሊሸኘኝ መጥቶ በመስኮት ቆመ፤ ንገሪያትም ተዪውም አላለኝ። ሐሙሲት ወርጄ በእግሬ ስሄድ የምናገረውን ቃል በቃል አዘጋጀሁ። አጎቴ ስለወደደሽ ነው ብዬ እጀምራለሁ። መሬቱን ማዳን ይቻላል ብዬ እጨርሳለሁ።

እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ሸዋዬም ከጎኗ ነበረች። የማላውቃት አንዲት ጎረቤት ደግሞ ዕጣው እንዴት እንደወጣ ንገሪኝ ብላ መጥታ ነበር፤ ነገሩን ሁሉም ሰምቶታል ግን ሁሉም እንደገና ከእናቴ አፍ መስማት ይፈልጋል። እናቴም ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ቆርኪው፣ ስለ ቄሱ አባታችን ሆይ ነገረቻት። ታሪኩን ስትጨርስ ጣቷ እንዝርቱ ላይ ቆመ።

«ባሌ ሲሞት፣ በሬዬ ሲሞት፣ እኔን የረሳኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «ከዐሥር ሰው መካከል፣ ያውም በአንዲት ክር። ስሜን ያውቀዋል ማለት ነው።»

ጎረቤቷ አሜን አለች። ሸዋዬ ዓይኗን ጠረገች። እናቴ ወደኔ ዞራ «ምነው ልጄ፣ ከመጣሽ ጀምሮ አንድ ነገር ልትነግሪኝ የፈለግሽ መስለሽኛል» አለችኝ።

«ምንም» አልሁ። «መንገዱ ደክሞኝ ነው።»

ሁለት ቀን ቆየሁ። በሁለቱም ቀን ብቻዋን አገኘኋት። መሬቱ ድረስም አብረን ወረድን፤ ጣና ገና ሞልቶ ተኝቶበት ነበር፤ ከሣሩ በቀር የሚታይ አልነበረም። ይሄኔ ልንገራት አልሁ። ፊቷን አየሁት። መሬቷን ለመመለስ ብለሽ ያንን ፊት ትወስጂባታለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬም አላውቅም።

ባሕር ዳር ስመለስ አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቦርሳዬን እንኳ ሳይቀበለኝ ጠየቀኝ።

«ነገርሻት?»

«አልነገርኋትም።»

ራሱን ነቀነቀና ገብቶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በረንዳው ላይ የነገረኝ ልቡ እንዲቀለው አልነበረም። እኔ እንድነግርለት ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተስፋ ያደረገው እኔን ኖሯል።

በነጋታው ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። ትንቢት ነበረች፤ ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ ለኔም ይሰማል። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ዛሬ ትእዛዙን ልልከው ነው። ተሳቢው እንዳለ ይሂድ? የሚቀየር ነገር የለም?»

እሷ ሁለት ጊዜ ጋሼ፣ ጋሼ አለች። አጎቴ ስልኩን ወደኔ ዘረጋው። ተቀበልሁት።

«እንዳለ ይሂድ» አልኋት።

ኅዳር በገባ በሰባተኛው ቀን እናቴ ቀበሌ ሄዳ ለአንዳርጋቸው ፈረመች።